ሦስቱ ፊርማዎች የእኔ አልነበሩም

ይህን የምጽፈው ወገቡን ይዞ ዝም ላለ ሠራተኛ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሕግም አልተማርኩም። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የትምህርት ክፍሌን እንኳ ገና አልመረጥኩም። ከዚህ በፊት ግን ሁለት ዓመት ያህል እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ የዱቄትና የማካሮኒ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸክሜአለሁ። በሠራሁት ሥራ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። የደረሰብኝን ሳልጨምርም ሳልቀንስም ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ ያጠፋሁትንም ጭምር።

ጀማል እባላለሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ያሳደገችኝ እናቴ ናት። ሶማሌ ስለሆነች በእሷው ቋንቋ ሆዮ እላታለሁ። ታይዋን ገበያ ውስጥ የሴቶች ልብስና ሻሽ ትሸጣለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈተን ነጥብ አልመጣልኝም። እቤት ተቀምጬ የእናቴን ፊት ከማይ ብዬ መጋዘን ተቀጠርኩ።

የእኛ ቡድን አምስት ሰው ነበር። አለቃችን አው ኢብሮ ናቸው። አው የሚለውን እኛ ጋ ለታላቅ ሰው ክብር እንለዋለን። ከሃምሳ ያለፉ፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎንበስ ያሉ ሰው ቢሆኑም በሸክም ከወጣቶቹ ማንም አያህላቸውም ነበር። የመጀመሪያውን ጆንያ ያሸከሙኝ እሳቸው ናቸው። ጉልበቴን እንዳጥፍ፣ ጆንያውን ወደ ራሴ እንዳስጠጋ፣ የራቀ ነገር እንደሚከብድ አስተማሩኝ። ብዙ ቆይቶ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያንኑ ቃል በቃል ስትነግረኝ ሳቅሁ። እሷ ዩኒቨርሲቲ የተማረችውን አው ኢብሮ ከጆንያው ተምረውት ኖሯል።

በቡድናችን ሁለት ደንቦች ነበሩ። አንደኛው፣ ጆንያ የጣለ ለሁሉም ቀዝቃዛ ውሃ ይገዛል። ውሃው ምንም አልነበረም፤ የሚከብደው ስሙ ነው። ዓብዲ የሚባል በአፉም በጉልበቱም የማይቻል ጓደኛችን አለ። ጆንያ የጣለን ሰው ሳምንቱን ሙሉ ፓይለት እያለ ይጠራው ነበር። ሰውየው በመጣ ቁጥር ወደ ላይ አንጋጦ፣ «አቦ ከሥሩ ራቁ፣ እርዳታ ሊጥል ነው» ይላል።

ሁለተኛው ደንብ ተራ መሸፈን ይባላል። ከመካከላችን አንዱ ሲጎዳ ለቢሮ አይነገርም። የእሱን ድርሻ አራቱ ተካፍለው ይሸከማሉ፤ የመግቢያና የመውጫ ፊርማውንም አንዱ ይፈርምለታል። ቢሮው የታመመ ሰው መኖሩን ከሰማ በቦታው የቀን ሠራተኛ ያስገባል፣ የገባውም አይወጣም ብለን እንፈራ ነበር። የዓብዲ የእጅ አንጓ ያበጠ ጊዜ አምስት ቀን የፈረምኩለት እኔ ነኝ። ይህን ለሆዮ ያወራሁላት ደረቴን ነፍቼ ነው።

የተጎዳሁበት ቀን ስንዴ የጫነ ትልቅ መኪና መጥቶ ነበር። ጆንያው ባለ ኩንታል ነው። የእጅ ጋሪያችን አንዱ ጎማ ከተሰበረ ወራት አልፈዋል፤ አው ኢብሮ ለመጋዘን ኃላፊው ደጋግመው ቢናገሩም የሚጠግነው አልተገኘም። ስለዚህ ከመኪናው ወደ መጋዘኑ በር ሳንቃ ዘርግተን በጀርባችን እናወርድ ነበር። ስንተኛው ጆንያ ላይ እንደሆነ አላስታውስም፤ ሳንቃው ከእግሬ ሥር ሸሸ።

ጆንያውን ብለቀው ኖሮ ምናልባት ምንም አልሆንም ነበር። ያን ጊዜ ግን መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ፓይለት የሚለው ስም ነው። ጆንያውን ለማዳን ወገቤን ጠመዘዝኩ። ከወገቤ በስተግራ የረጠበ ገመድ የተበጠሰ ዓይነት ስሜት ተሰማኝ። ጆንያው ግን አልወደቀም። መጋዘን አስገብቼ ከደረደርኩት በኋላ ቀጥ ልበል ስል አልቻልኩም።

አው ኢብሮ አዩኝ።  «ሂድና ተኛ። ተራህ እኛ ጋ ነው» አሉኝ።

ቤታችን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። ዘወትር በአምስት ደቂቃ የማቋርጠው ድልድይ ላይ ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ወንዙ ደርቆ አሸዋው በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ እኔ ብረቱን ተደግፌ ወደ ታች የማይ መስዬ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። የሚያልፉ ሰዎች ሰላም ሲሉኝ ፈገግ እል ነበር። የደንቡ ዋና ነገር ይህ ነው፤ እንደተጎዳህ ማንም አያውቅም።

በማግስቱ ሕመሙ ቦታ ቀየረ። ከወገቤ ወደ ግራ መቀመጫዬ፣ ከዚያ በጭኔ ጀርባ አድርጎ እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ይወርዳል። ሳስል ይብሳል። ስስቅም ይብሳል፤ ስለዚህ ዓብዲ ሊጠይቀኝ እንዳይመጣ ለመንኩ። ሦስት ቀን ሙሉ በስሜ ተፈረመልኝ። በአራተኛው ቀን አው ኢብሮ ነገሩ የሚሸፈን አለመሆኑን አይተው ታሟል ብለው ለቢሮ ተናገሩ። ተጎድቷል አላሉም።

ሰፈር ካለው ፋርማሲ የሚቀባ ቅባትና የሕመም ማስታገሻ ገዛሁ፤ አልለቀቀኝም። ከዚያ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሰውየው ምን ስሠራ እንደጀመረኝ ጠየቀኝ። መጎዳቴን ከመደበቄ ቀጥሎ ሁለተኛውን ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። የክሊኒኩ ወረቀት ቢሮ ደርሶ ጓደኞቼን እንዳያስጠይቅ ስለፈራሁ ተኝቼ ስነሳ አመመኝ አልኩ። እሱም በካርዴ ላይ አደጋ አልደረሰበትም ብሎ ጻፈ። ሽንቴ ተመረመረና ኩላሊት ነው ተባልኩ። ሳምንት ውሃ ስጠጣና መድኃኒት ስውጥ ከረምኩ። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ ታይፎይድ አለብህ ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። ዛሬ ሳስበው በእነሱ ብቻ መፍረድ ይከብደኛል፤ በውሸት የተነገረ በሽታ በምን መድኃኒት ይድናል?

በሦስተኛ የሄድኩት ጎረቤታችን የሚያውቋቸው ወጌሻ ጋ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የወለቀ ክንድ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ዘይት ቀብተው በክርናቸው ወገቤን ሲጫኑት ግን ከአፌ የወጣው ድምፅ የራሴ መሆኑን አላወቅሁም። በማግስቱ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ሆዮ በሩ ላይ ቆማ እግሬን ታያለች። የግራ ነጠላ ጫማዬ ግቢው መሃል ወልቆ ቀርቷል። እኔ አላወቅሁም። በባዶ እግሬ ጠጠር እየረገጥኩ መምጣቴን እግሬ አልነገረኝም።

ሆዮ ጫማውን አንስታ ይዛ ቆመች። ያን ቀን ሱቋን አልከፈተችም፤ ሆስፒታል ሄድን።

የሆስፒታሉን መጠበቂያ ክፍል አልረሳውም። ከላይ ማራገቢያ አለ፤ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ከማዞር በስተቀር የሚሠራው የለም። ሰው ሁሉ ለመቀመጫ ሲሻማ እኔ መቀመጥ ስለማልችል ቆሜ ነበር። ሰዎች ደግ ሆነው ቦታ ይለቁልኛል፤ እምቢ ስል የሚኩራራ ወጣት እመስላቸዋለሁ። ከዋሂል ገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት ብቻ ገባቸው። ከትከሻቸው ላይ ያለውን ትልቅ ሻሽ አውልቀው ሲሚንቶው ላይ አነጠፉልኝ። «ተኛ ልጄ። ወንበር እምቢ ቢልህ መሬት እምቢ አይልህም» አሉኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ተኛሁ። ስማቸው ሲጠራ ሻሹን ሊወስዱ እንዳይቀሰቅሱኝ ብለው ራሳቸውን በትንሽ ፎጣ ሸፍነው ገቡ። ስማቸውን በወቅቱ ሰምቼ ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ይህ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። አስተኝቶ ግራ እግሬን ሳይታጠፍ ወደ ላይ አነሳው፤ ትንሽ እንዳነሳው ጮህኩ። የእግርህን አውራ ጣት ወደ ላይ ሳብ አለኝ፤ ጣቴ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ቀረ። ከዚያ ሥራዬን ጠየቀኝ። ሆዮን አየኋት። እጇ ላይ ያ ነጠላ ጫማ አሁንም አለ፤ ከቤት ጀምሮ ይዛው መምጣቷን እሷም አላወቀችም። እውነቱን ነገርኩት፤ ሳንቃውን፣ ጆንያውን፣ ቀኑን። ሁሉንም ጻፈ።

ራጅ ተነሳሁ፤ አጥንቴ ደህና ነው ተባለ። ሐኪሙ ግን ራጅ አጥንት እንጂ ነርቭ አያሳይም ብሎ ኤምአርአይ ለሚባለው ምርመራ ወደ ሐረር ላከኝ። የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሰው በታመመ ወገብ ያንን ዳገት መውጣት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ሚኒባሱ ውስጥ ጋቢና ተቀምጦ የነበረ ነጋዴ አካሄዴን አይቶ ሳይጠየቅ ወርዶ ከኋላ ተጠቀጠቀ። ሾፌሩም በየኩርባው፣ «ወሪያ፣ መጣች፣ ያዝ» እያለ ያስጠነቅቀኝ ነበር።

ውጤቱን ሐኪሙ እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ። በጀርባ አጥንቶች መካከል እንደ ትንሽ ትራስ ያለ ልስልስ ነገር አለ፤ ዲስክ ይባላል። የእኔ አንዱ ትራስ ወደ ኋላ ወጥቶ ወደ እግሬ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል፤ እግሬ እየባሰበት ካልሄደ ግን መጀመሪያ በመድኃኒት፣ በፊዚዮቴራፒና በእንቅስቃሴ እንሞክር አለኝ። ሸክም ግን ተከለከልኩ። ለምን ያህል ጊዜ ብዬ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። እንደዚያ ዓይነት ሸክም ምናልባት ለዘለዓለም አለ።

በዚያ ሰሞን ሌሊት ሌሊት የምፈራው ሕመሙን አልነበረም። የምፈራው ጣቴን ነበር። ሁሉም ሲተኛ በጨለማው ውስጥ የእግሬን አውራ ጣት ወደ ላይ ለመሳብ እሞክራለሁ፤ ይነሳ እንደሆነ ብዬ እጠብቃለሁ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት ስለ ካሳ መጀመሪያ ያነሳችልኝ። ሪፖርቱን አንብባ ይህ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት መሆኑን፣ አሠሪው የሕክምናውን ወጪ መሸፈን፣ ለማልሠራበትም ጊዜ መክፈል እንዳለበት ነገረችኝ። ፋብሪካው እስከዚያ ቀን የሚያየኝ እንደ ተራ ሕመምተኛ ነበር። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ አልፏል፤ ግማሽ ክፍያ ላይ ነበርኩ፣ ቀጥሎ እሱም ይቋረጣል። ሕክምናውን የምትከፍለው ሆዮ ናት። የሱቋ መደርደሪያ በየሳምንቱ እየሳሳ ሲሄድ አይ ነበር።

ማመልከቻ በጥንቃቄ ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። የሐኪሙን ወረቀት አያይዤ ወደ ፋብሪካው ሰው ኃይል ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው አልተቆጣም። ረጋ ብሎ የፊርማ መዝገቡን አስመጣና ገልጦ ወደ እኔ አዞረው። ተጎዳሁ ያልኩት ቀን፤ የመውጫ ፊርማ አለ። በማግስቱ፤ አለ። በሦስተኛው ቀን፤ አለ።

«ወገቡ የተጎዳ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ጆንያ ይሸከማል እንዴ፣ ጀማል?» አለኝ።

የመጀመሪያውን ክሊኒክ ካርድም አምጥቶ አሳየኝ። አደጋ አልደረሰበትም ይላል። የሕመም ፈቃድ እንዲሰጠኝ ያስገባሁት ራሴ ነበርኩ። ከዚያ የበሉበትን ወጪት መስበር ጥሩ አይደለም ብሎ መከረኝ፤ ሲሻለኝ ቀላል ሥራ ሊፈልግልኝ እንደሚችልም ተናገረ።

ፊርማው የእኔ አይደለም ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ነበረች። ይህን ካልኩ ግን ጥያቄው የማን ነው የሚል ይሆናል። ሐሰተኛ ፊርማ ከሥራ እንደሚያስባርር ሁላችንም እናውቃለን። ዓብዲ ሁለት ልጆች አሉት። አው ኢብሮ በዚያ ዕድሜያቸው ሌላ ቦታ የሚቀጥራቸው የለም። ማመልከቻዬን አጥፌ ወጣሁ።

አጎቴ ትክክል አደረግህ አለኝ፤ ካሳ ማለት ልመና ነው፣ ወንድ ልጅ በወገቡ አይለምንም አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ግን ቢያንስ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሂድና ጠይቅ ብላ አስጨነቀችኝ፤ ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋት ተቆጣጣሪ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ያደረገች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። ሁሉንም ሰማችኝ። በመጨረሻ ያው ጥያቄ መጣ፤ ፊርማው የአንተ ነው ወይ አለችኝ። መዋሸት አልፈለግሁም፤ በጓደኞቼ ላይ መናገርም አልቻልኩም። ዛሬ መመለስ አልችልም አልኳት። ጥያቄዬ የጊዜ ገደብ ያለው መሆኑን፣ ዝምታዬ ደግሞ ለሌላኛው ወገን እንደሚቆጠር ነግራኝ ስሜን ይዛ አሰናበተችኝ።

ማታ ለሆዮ ነገርኳት። እስከዚያ ስለ ፊርማው አታውቅም ነበር። ልብስ እያጣጠፈች ሰማችኝና እጇ ቆመ።

«አንተ ለእነሱ ብለህ ዝም አልክ። እሺ። ዝም ማለትህን እነሱ ያውቃሉ?»

አያውቁም ነበር። ግማሽ ደሞዝ ላይ መሆኔንም አያውቁም። ሲጠይቁኝ ደህና ነኝ እያልኩ እመልሳቸው ነበር። እነሱም ድርሻቸውን የጨረሱ መስሏቸው ነበር። በማግስቱ ሆዮ ሱቋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ በፈረቃ መውጫ ሰዓት የፋብሪካው በር ላይ ቆመች። እኔ ይህን ያወቅሁት አመሻሹ ላይ አው ኢብሮና ዓብዲ አቧራቸውን ሳያራግፉ ቤታችን ሲገቡ ነው።

አው ኢብሮ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ወሬውን የጀመረው ዓብዲ ነው።

«አቦ አንተ ሰው፣ ፊርማህን እኮ ከአንተ አሳምሬ ነው የፈረምኩት። አንተ ስትፈርም ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ቢሮው ራሱ ልጁ ተሻሻለ ብሎ ነው የሚገረመው።»

ሳቅሁና ወገቤን ያዝኩ። እሱም ሳቁን ዋጠ። በዚያ የሳንቃ ቀን እግሬ ሲንሸራተት አይቶ እንደነበር፣ ፓይለት ብሎ ሊጠራኝ አፉን ከፍቶ እንደነበር፣ ሳልጥለው ስቀር ራሱ እንዳጨበጨበልኝ ቀስ ብሎ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ያንን ስም ለማንም አላወጣም።

አው ኢብሮ ነገ ሄደን እንናገራለን አሉ። እኔ እምቢ አልኩ፤ ያባርሯችኋል፣ ከእኔ አንድ ወገብ የእናንተ የአራታችሁ እንጀራ ይበልጣል ብዬ ተከራከርኩ። ሽማግሌው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ሠላሳ ዓመት ጆንያ ስቆጥር አንድ ጆንያ ተሳስቶ ተጽፎብኝ አያውቅም። የሰው ወገብ ተሳስቶ ሲጻፍ ዝም ልበል?»

ነገሩን ለተቆጣጣሪዋ ነገርናት፤ ፋብሪካውንም ጠርታ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ያገናኘችንን ጠዋት በደንብ አስታውሰዋለሁ። በጠረጴዛው በአንድ ወገን የሰው ኃይል ኃላፊውና የፋብሪካው ነገረ ፈጅ፣ በሌላው ወገን እኔና ሆዮ። አው ኢብሮ ንጹሕ ሽርጥ ታጥቀው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ከዓብዲ ጋር መጥተዋል። መጻፍ አይችሉም፤ መናገር ግን ይችላሉ። «ፊርማው የጀማል አይደለም» አሉ። «እንዲፈረምለት ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ አልጠየቀንም፣ ሳይጠየቅ ማድረግ የእኛ ልማድ ነው። ሦስቱን ቀን የእሱን ድርሻ የተሸከምነው እኛ ነን፤ ፋብሪካው በእነዚያ ቀኖች አንድ ጆንያ ጎድሎት ከሆነ ይንገረን።» ስለ ተሰበረው ጋሪም ስንት ጊዜ ለማን እንደተናገሩ ሳይቆጡ ዘረዘሩ።

ነገረ ፈጁ ይህ ለጓደኛ የሚደረግ ምስክርነት ነው፣ ማስረጃ የለውም አለ። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ለእኔም ለዓብዲም ባዶ ወረቀት ሰጠችንና የጀማልን ፊርማ ሦስት ሦስት ጊዜ እንድንፈርም አዘዘችን። እኔ ፈረምኩ። ዓብዲም እጁን አፍታትቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ሰማንያ እንደሚፈርም ሙሽራ በጥንቃቄ ፈረመ። ወረቀቶቹን ፋብሪካው ካመጣው የፊርማ መዝገብ አጠገብ አደረገቻቸው። የመጨረሻው ፊደል ላይ የእኔ ጭራ ወደ ታች ይወድቃል፤ የእሱ ወደ ላይ ይጠመዘዛል። መዝገቡ ላይ ያሉት ሁሉም ወደ ላይ ተጠምዝዘዋል።

 የሰው ኃይል ኃላፊው ሁለቱን ወረቀቶች ደጋግሞ አየ። ከዚያ አው ኢብሮ ቃላቸው በተጻፈበት ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ። የእሳቸው ጣት እንዴት ቀጥ ብሎ እንደተጫነ ሳይ የእግሬን ጣት አሰብኩ። እናቴ እጄን በጠረጴዛው ሥር ያዘችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ በራሴ ሳይሆን የእነዚህ ሰዎች ጓደኛ በመሆኔ።

ከዚያ በኋላም ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። መመላለስ ነበረ፤ የጎደለ ማኅተም ነበረ፤ ነገ ና ነበረ። በመጨረሻ ግን ፋብሪካው ጉዳቱን በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ብሎ መዘገበ። የሕክምናው ወጪ ተመለሰልን፤ የጎደለው ደሞዜ ተሟላ። የሐኪሞች ቦርድ ከጊዜ በኋላ መርምሮኝ ሳይድን የቀረውን ጉዳት መጠን ወሰነ፤ በእሱም መሠረት ካሳዬን አገኘሁ። የሆዮ መደርደሪያ እንደገና ሞላ። አጎቴ ሲመጣ ልጅሽ ለምኖ አገኘ አላት። እሷም ልጄ ጠየቀ እንጂ አልለመነም፣ የጠየቀውም ሠርቶ የተጎዳበትን ነው ብላ ሻይ አቀረበችለት።

አው ኢብሮና ዓብዲ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፣ የሦስት ቀን ደሞዝም ተቆረጠባቸው። አልተባረሩም። ተቆጣጣሪዋ እውነት ለመናገር የመጣ ሠራተኛ በመናገሩ እንዳይባረር አጥብቃ ተከራክራላቸዋለች። ለመጋዘኑም ሁለት አዳዲስ የእጅ ጋሪዎች ተገዙ።

እግሬን በተመለከተ፣ ፈውሱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ባለሙያዋ በየቀኑ እንድራመድ አዝዛኝ ነበር። ፀሐይ ሳይጠነክር በደቻቱ ድልድይ ላይ እመላለሳለሁ፤ መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ቀሪውን ሰዓት ምንጣፍ ላይ በደረቴ ተኝቼ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጻሕፍቴን አነብ ነበር። መቀመጥ ለማይችል ሰው ከማንበብ የተሻለ ሥራ የለም። አንድ ጠዋት ድልድዩን ተሻግሬ የግራ ነጠላ ጫማዬ ሊወልቅ ሲል ጣቶቼ ጭብጥ አድርገው ያዙት። እዚያው ቆምኩ። ደግሜ ሞከርኩት፤ ያዙት። ያን ዓመት ፈተናውንም አለፍኩ። ዛሬም ክፍል ውስጥ ረጅም ሰዓት ስቀመጥ ወገቤ ያስታውሰኛል፤ የኋላ ወንበር እመርጣለሁ፣ ሲያቅተኝ ቆሜ እንድማር መምህራኑን አስፈቅጃለሁ። ቦርሳዬን ወደ ሰውነቴ አስጠግቼ ነው የምይዘው።

ካሳውን እንዳገኘሁ የተቆረጠባቸውን ልመልስላቸው አው ኢብሮ ጋ ሄድኩ። እጄን መለሱት። ያደረግንልህን በገንዘብ ልትገዛው ነው ወይ አሉኝ። እንግዲያው ምን ላድርግ ብላቸው ትንሽ አሰቡና ደብተር ግዛልን አሉኝ። ወፍራም፣ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ።

ገዛሁ። እስክሪብቶ በሲባጎ አስሬበት መጋዘኑ በር አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀልነው። የመጀመሪያውን መስመር እኔው እንድጽፍ ስላዘዙኝ ስሜን፣ የሳንቃውን ቀን፣ ስንዴ ሳወርድ ወገቤን መጎዳቴን ጻፍኩ። በራሴ እጅ፣ ጭራው ወደ ታች በሚወድቀው ፊርማዬ ፈረምኩ። ዓብዲ ከትከሻዬ በላይ አይቶ የዶሮዋ ነው አለ።

ባለፈው የዒድ ማግስት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ሁሉም ሥራ ላይ ስለነበሩ በሩ ጋ ቆሜ ደብተሩን ገለጥኩ። ከእኔ መስመር በታች ሌሎች መስመሮች ተጨምረዋል። የመጨረሻው በዚያው ጠዋት የተጻፈ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ የዓብዲ መሆኑን ወደ ላይ ከተጠመዘዘው ጭራ አወቅሁ። የአንድ አዲስ ልጅ ጣት በጋሪ መቆንጠጡን፣ በስንት ሰዓት እንደተቆነጠጠና ማን እንዳየ ይናገራል። ከሥሩ እንዲህ ይላል።

ለቢሮ ተነግሯል። ልጁ ሐኪም ቤት ሄዷል። ተራውን እኛ ሸፍነናል።